ያልቆጠቆጠ መድኃኒት

አዲስ አበባ ውስጥ «የሮቢት ልጅ ነኝ» ስል የሚከተለኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «መቼ ተፈታህ?» ከተማዬ ከማንጎዋና ከሽንኩርቷ ይልቅ በማረሚያ ቤቷ ትታወቃለች። እኔ ሮቢት ታስሬ አላውቅም። እዚያ የተማርኩት አንድ እምነት ግን ለሠላሳ ዓመት አስሮኝ ኖሯል። እምነቱ ይህ ነው፦ ያልቆጠቆጠ መድኃኒት አልሠራም።

ትምህርቱን የወሰድኩበትን ወንበር እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ከደሴው መንገድ ዳር፣ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ፣ አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ ወንበር ነበር። ከግንዱ ላይ ጥጉ የተሰነጠቀ መስተዋት በሚስማር ተንጠልጥሏል። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ሚዜ ልሆን ነው።

«ጋሼ፣ ጺሜን ይላጩኝ» አልኳቸው ጸጉር አስተካካዩን።

«የቱን?» አሉኝ፣ መስተዋቱን ወደኔ እያዞሩ።

ፈልገው አገኙትና ምላጩን ለሁለት ሰብረው፣ ግማሹን እጀታው ላይ አስገብተው ሙልጭ አደረጉኝ። ከዚያ ከትንሽ ጠርሙስ ውስጥ የሆነ ፈሳሽ መዳፋቸው ላይ አፈሰሱና ጉንጬንና አንገቴን ጠፍ ጠፍ አደረጉልኝ። ሳላስበው ከወንበሩ ብድግ አልኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«አይዞህ፣ ሲቆጠቁጥ ነው የሚሠራው» አሉና በፎጣ ያራግቡልኝ ጀመር። ያኔ፣ በዚያ በሮቢት ሐሩር፣ አንገቴ ሥር የደብረ ብርሃን ንፋስ ነፈሰ። በቃ፣ አመንኩ።

በማግሥቱ አንገቴ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ሽፍ ብሎ አደረ። በሠርጉ ፎቶ ላይ ከሚዜዎቹ ሁሉ አንገቱን የደፋው እኔ ነኝ። ያየ ሁሉ ጨዋነቴን ያደንቃል።

ከዚያ ወዲህ በተላጨሁ ቁጥር ሽፍ ይልብኛል፤ ሽፍ ባለብኝ ቁጥር ደግሞ የበረታ አፍተር ሼቭ እገዛለሁ። አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን፣ መርከብ የተሳለበትን ሁሉ ሞክሬያለሁ። የቆሰለውን ቆዳ ለማዳን የሚያቃጥል ነገር መጨመር ትክክል መሆኑን ለአንድ ቀንም አልተጠራጠርኩም። አበው «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» ያሉት ለኔ ሳይሆን አይቀርም።

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። እኛ አገር ልጅ ከመዳሩ በፊት ዘር ይቆጠራል። እኔ ይህን ፈሳሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከፊቴ ጋር ሳጋባው ዘሩን የጠየቀልኝ የለም። እስኪ ልቁጠርለት።

በአባቱ በኩል አልኮል ነው፤ ማለትም የደብረ ብርሃን አረቄ የቅርብ ዘመድ። በድሮ አውሮፓ የጸጉር አስተካካይ አንድ ምላጭና አንድ ፎጣ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ይዳስስ ነበር። ከፊት ወደ ፊት የሚተላለፍ የጺም ሥር መግል ስለነበረ በሽታው «የጸጉር ቆራጭ እከክ» የሚል ስም ወጣለት። ስለዚህ ከተላጩ በኋላ አልኮል መቀባት በጊዜው ተገቢ ነበር፤ ጠላቱ በምላጩ የሚመጣው ተህዋስ ነውና።

ከዚያ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1904 እየተለወጠ ለሚጣል ምላጭ የፈጠራ መብት አገኘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የአሜሪካ መንግሥት 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫ ለወታደሮቹ አደለ። ወንዱ በየቤቱ፣ በገዛ ምላጩ መላጨት ጀመረ። የጋራው ምላጭ ሲቀር የፈሳሹም ሥራ አብሮ መቅረት ነበረበት። እሱ ግን ቤተሰቡ ለቆ የሄደበትን ግቢ እየጠበቀ ደመወዝ እንደሚቀበል ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ነጋዴዎቹም አዲስ የሥራ መደብ ፈለጉለት፦ ሽታና ወንድነት። ያ መርከብ ያለበት ኦልድ ስፓይስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1937 ለሴቶች ወጥቶ፣ በዓመቱ ነው ወንድ የሆነው።

እኛ አገር ዘበኛው ወደ ሥራው የተመለሰበት ዘመን መጣ። ኤች አይ ቪ ሲገባ «ስለት በጋራ አትጠቀሙ» የማይባልበት ቦታ አልነበረም። ጸጉር አስተካካዮች ቶንዶሱ ላይ አልኮል ነፋ አድርገው በላይተር ይለኩሱት ጀመር፤ ሰማያዊው ነበልባል ቦግ ሲል ደንበኛው ልቡ ይረጋል። አልኮሉ ከስኳር ፋብሪካዎቻችን ሞላሰስ የሚወጣ የአገር ልጅ ነው፤ ቦታውም ትክክል ነው፤ ብረት አያብጥም። ችግሩ ጠርሙሱን የያዘ እጅ ብረቱ ላይ አለመቆሙ ነው። ትንሽ ይተርፈዋል፤ የተረፈውን አንገት ላይ ያደርገዋል።

በእናቱ በኩል ደግሞ ሽቶ ነው። እዚህ ላይ ዘር ቆጠራው አገሬ ይፋት ገባና ደነገጥኩ። የአውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች መዓዛው ቆዳ ላይ እንዲቆይ ከሚጨምሩት ነገር አንዱ ዝባድ ነበር። ዝባድ ከጥርኝ ይወጣል፤ በበሬ ቀንድ ታጭቆ ከሊሙና ከከፋ አቅጣጫ ወደ ሸዋ ይመጣ ነበር። ከዚያስ? ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ትቀበለዋለች፤ ከቡናውና ከዝሆን ጥርሱ ጋር፣ ያሳዝናል እንጂ ከሚሸጠውም ሰው ጋር፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ታጁራና ዘይላ ወደብ ይወርዳል። እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ስጦታ ይዞ ሽቅብ የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ቅድመ አያቶቻችን በግመል ቁልቁል የሸኙት ሽታ በጠርሙስ ተመልሶ አንገታችንን ያቃጥለናል ማለት ነው። ዛሬ ዝባዱ በአብዛኛው በፋብሪካ ቅመም ተተክቷል። የቆዳ ሐኪሞች ግን መዋቢያ ላይ ያለ ሽቶ የቆዳ አለርጂ ከሚያስነሱት ዋና ዋናዎቹ አንዱ መሆኑን አሁንም ይናገራሉ። ከዘመድ የመጣ ነገር ሁሉ አይበጅም።

ዘሩን ቆጥሬ ስጨርስ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄድኩ። የትኛው አፍተር ሼቭ እንደሚሻለኝ ልጠይቃት ነበር። አንገቴን በአጉሊ መነጽር አየችና «አንተ ስለ ኋላው ትጠይቀኛለህ፤ ነገሩ ያለው ከፊቱ ነው» አለችኝ።

የኛ ጸጉር ከርዳዳ ነው። ከርዳዳ ጸጉር በምላጭ ተጠግቶ ሲቆረጥ ጫፉ እንደ ጦር ይሾላል። ሲያድግ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ተጠማዝዞ የገዛ ቆዳውን ይወጋል። ባለ ብዙ ስለቱ ዘመናይ መላጫማ ጸጉሩን ስቦ ከቆዳ በታች ስለሚቆርጠው፣ ሳይወጣ ውስጥ ለውስጥ ይጠመዘዛል። ሰውነት እሾህ የተወጋ ይመስለዋል፤ ያቀላል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴ መግል ይይዛል። እሾሁን ግን ያበቀለው ራሱ ነው። በተህዋስ የመጣ ስላልሆነ አልኮሉ የሚገድለው ጠላት የለም። የሚያደርገው የቆዳውን ወዝ ማጠብ ነው፤ ወዙ የታጠበ ቆዳ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በሚቀጥለው ቀን ምላጭ ሲነካው ይብሱን ይቆጣል።

ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1956 በሰፊው ጽፈውበታል። ክርክሩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ችሎት፣ የዶሚኖስ ፒዛ ጺም የሚከለክል ደንብ ይህ ሕመም ላለባቸው ጥቁር ወንዶች ቦታ መስጠት አለበት ብሏል። እኔ በአንገቴ ሳፍር፣ የአንገት ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ረትቷል።

«ታዲያ ያ ቅዝቃዜስ?» አልኳት ዶክተሯን። ተስፋ አልቆረጥኩም። «ሲቀዘቅዘኝ እኮ እየተሻለኝ ነበር።»

«እንስራ ታውቃለህ?» አለችኝ።

እንዴት አላውቅም! ከታርማበር ዋሻ፣ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ካለው ጉም፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሮቢት ቆላ እስኪደርሱ የሚወረደው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር በላይ ነው። ጋቢ ለብሶ የተሳፈረ በሸሚዝ ይወርዳል። እዚያ ታች ሰውን የሚያኖረው ጥላ ሥር የተቀመጠ የእንስራ ውሃ ነው። እንስራው ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄድና ውሃው ይቀዘቅዛል። አልኮል ደግሞ ከውሃ ይልቅ ቶሎ ይተናል፤ በ78 ዲግሪ የሚፈላ ችኩል ፈሳሽ ነው። ጋሼ በፎጣ ሲያራግቡልኝ ያመንኩት ይህን ትነት ነበር። ያዳነኝ ነገር የለም፤ አየሩ ሙቀቴን ይዞ ሄደ፣ ቁስሉን ትቶልኝ። ቀዝቃዛ ውሃ የነካ ፎጣ ያንኑ ያደርግ ነበር፤ ያውም ሳይቆጠቁጥ።

እንግዲህ አፍተር ሼቭ ለሚቆጣ ቆዳ ያስፈልጋል ወይ ላለኝ መልሴ አጭር ነው፤ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከምላጩ በፊት ነው። ጺምን በሞቀ ውሃ ማራስ፤ በልብስ ሳሙና ሳይሆን ለስለስ ባለ አረፋ መላጨት፤ ጸጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ፣ ባንድ ስለት፣ ሳይጫኑና ሳይደጋግሙ። ከሁሉም የሚሻለው በቶንዶስ አሳጥሮ ጥቂት ማስቀረት ነው። ተላጭተው ሲያበቁ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያም ሽታ የሌለው ቅባት ወይም በውሃ የቀጠነ ግሊሰሪን ይበቃል። ሎሚ ግን አደራ፤ ሎሚ ተቀብቶ የቆላ ፀሐይ ውስጥ የወጣ ፊት ተቃጥሎ ሊጠቁር ይችላል።

ይህን ሁሉ ከዶክተሯ ሰምቼ ስወጣ ትዝ ያሉኝ የአገሬ ሰዎች ናቸው። ገበያ የሚወጣው አፋር ጸጉሩን በቅቤ ያወዛል፤ ወዝ አስገባ እንጂ ወዝ አላወጣም። የይፋት ሼህ ጺማቸውን በሂና ያቀላሉ፤ ቄሱ ሪዛቸውን እስከ ደረት ይለቃሉ። በብዙ ነገር ይለያያሉ፣ ምላጭ ባለማስነካት ግን ይስማማሉ፤ የሁለቱም አንገት ሰላም ነው። በልጅነቴ ሙልጭ ብሎ ይላጭ የነበረው ወታደሩ፣ አስተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው ነው። እኔም መምሰል የፈለግሁት እነሱን ነበር።

ባለፈው ወር ሮቢት ወረድኩ። ኒሙ አለ። ጋሼ አርፈዋል፤ በቦታቸው የተተካው ጎልማሳ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ማራገቢያ ሰቅሏል። ምላጩን ሲያወጣ «ተወው ወንድሜ፣ በቶንዶስ ብቻ አሳጥርልኝ» አልኩት። ቶንዶሱ ላይ አልኮሉን ነፋ አደረገና ለኮሰው፤ ሰማያዊው ነበልባል ቦግ ብሎ ጠፋ። ሲጨርስ እጁ በልማዱ ወደ ጠርሙሱ ሄደ።

«እሱን ደግሞ ለብረቱ ተውለት። ለኔ ፎጣውን ውሃ አስነካልኝ።»

ቆም ብሎ አየኝ። «ውሃ ብቻ? ታዲያ ምኑን ተላጨህ?»

ፎጣውን ግን አመጣ። አንገቴ ላይ ሲያሳርፈው ማራገቢያው ከላይ ነፈሰ፤ ያ የደብረ ብርሃን ንፋስ መጣ። አሁን እንባ የለውም። ሂሳቡን አልቀነሰልኝም።

ተራ የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ ከአግዳሚው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ነበር። ጺሙ ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው። ከፈተና የሸሸ ሰው እንዳየ ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘኝና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ለኔ» አለው አስተካካዩን፣ እኔ እንድሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እሱንም ጨምረህ በደንብ አድርግልኝ።»