አደራ የያዘችው ልጅ

ዛሬ ጥር 17 ነው። እናቴ ጠዋት ተነስታ ጧፍ አብርታለች። በየዓመቱ ታበራለች። ለማን እንደሆነ ዛሬ ልንገራችሁ።

በ2002 ዓ.ም. እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። "ማዳሜ ደመወዜን ከሰጠችኝ ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ" ብላናለች፤ ቀኑን ግን አልቆረጠችልንም። እናቴም ያቺን ማዳም ሁለት ወር ሙሉ ስትረግማት ከረመች።

ሰኞ ጠዋት ቀፊራ ገበያ ሄጄ ነው ወሬውን የሰማሁት። ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ባሕር ገብቷል። 82 መንገደኞች፣ 8 የበረራ ሠራተኞች። ሌሊቱ ዝናብ፣ ነጎድጓድ፣ መብረቅ ነበር። አምስት ደቂቃ እንኳ በወጉ ሳይበር ሜዲትራኒያን ላይ ወደቀ። በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር፤ እኛ ተኝተናል። ከ90ው አንድም አልተረፈ።

ቤት ስደርስ እናቴ ሰምታለች። እኛ ድሬዎች ውሃ የሚያደርገውን እናውቃለን፤ በ1998 ደቻቱ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ "እዚህ ደጃችን ድረስ መጣ፤ እዚያ ደግሞ ከሰማይ አወረዳቸው" ትላለች።

የእህቴ ስልክ አይነሳም። ሰኞ አይነሳም፣ ማክሰኞ አይነሳም። ጎረቤት መሰብሰብ ጀመረ፤ ማንም ለቅሶ ነው አላለም፣ ግን ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው የመጣው።

ረቡዕ ማታ ደወለች። ማዳሟ ደመወዟን ስላልሰጠቻት ትኬት አልቆረጠችም። እናቴ እልል አለች፤ ያቺን የረገመቻትን ሴትዮ መረቀቻት።

እህቴ ግን ማልቀሷን አላቆመችም። "እማ፣ ሻርፕና ጫማ ልኬልሽ ነበር። የያዘችልሽ ልጅ እዚያ ውስጥ ነበረች" አለች።

እልልታው ቆመ። እናቴ "የማን ልጅ ናት? አገሯ የት ነው? ለቅሶ ልድረስ" አለች። እህቴ ከክርስትና ስሟ በቀር የምታውቀው አልነበረም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነበር የሚገናኙት።

በ2004 የሊባኖስ መርማሪዎች ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ አደረጉት፤ አየር መንገዱ አልተቀበለውም። ሰው እስከ ዛሬ ይከራከራል። እናቴ እዚያ ክርክር ውስጥ አትገባም። እሷ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ "ልጄን ስላተረፈልኝ አመሰገንኩ፤ በዚያው ሰዓት የሌላዋ እናት ቤት ምን እንደሚባል አላሰብኩም።"

እባካችሁ፣ በሰው እጅ ዕቃ ስትልኩ የኪሎውን ብቻ አትጠይቁ። የአባቷን ስም ጠይቁ፣ ሰፈሯን ጠይቁ። ያቺ ልጅ የእኛን አደራ ይዛ ሄደች፤ እኛ ግን እናቷን "እግዜር ያጽናሽ" ለማለት እንኳ አልታደልንም።

ምናልባት ይህን የሚያነብ ዘመድ ካላት፣ ድሬዳዋ ውስጥ በየዓመቱ ጧፍ የሚበራላት ቤት እንዳለ ይወቅልን።

የ90ዎቹንም ነፍስ ይማር።