“በአንድ ጨዋታ ተበላሁ!”

ቅዳሜ ማታ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ውስጥ ወጣቶች ኳስ ከሚያዩበት ቤት ደጃፍ የቆመ ሰው ይህን ሳይሰማ አይመለስም። ከ10 ጨዋታ 9ኙ ገብቷል፣ አንዱ ቀርቷል። ተናጋሪው ለጥቂት ያመለጠው ይመስለዋል። ስለዚህ ነገም ቲኬት ይቆርጣል።

ይህ ልጅ እኮ ፕሮባቢሊቲ ተምሯል! 9ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ትምህርቱ ራሱ የተወለደው ከቁማር ነው። እ.ኤ.አ. በ1654 ፓስካልና ፌርማ የተጻጻፉት ጨዋታ ሳያልቅ ቢቋረጥ የተያዘው ገንዘብ እንዴት ይከፈል በሚል የቁማርተኛ ጥያቄ ነበር። ታዲያ ክፍል ውስጥ ወደመጣበት ቢመለስ ምን አለበት?

አንድ የብር ሳንቲም ይበቃል። 60 ተማሪ ይቆማል። መምህሩ ከመወርወሩ በፊት ሁሉም “አንበሳ” ወይም “ሚዛን” ብሎ ይጽፋል፤ የሳተ ይቀመጣል። 60ው ወደ 30፣ 30ው ወደ 15 እያለ ይወርዳል። ስድስተኛው ላይ አንድ ሰው ቢቀር ነው። ክፍሉ ያጨበጭብለታል፣ ምስጢሩን ይጠይቀዋል። ምስጢር የለውም። ቴሌግራም ላይ የበላ ቲኬት ለጥፎ “ፊክስድ አለኝ” የሚለውም ከዚህ ልጅ አይለይም፤ የተቀመጡት 59ኙ ቲኬታቸውን አይለጥፉማ።

አሥሩንም የመገመት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። ዘጠኙን አግኝቶ አንዱን የመሳት ግን ከ1,024 አሥር። “በአንድ ጨዋታ ተበላሁ” የሚለው ሰው ከሚያሸንፈው አሥር እጥፍ የሚበዛው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ቆርኪ ይምጣ። ሁለት ተማሪዎች በተቃራኒ 20፣ 20 ቆርኪ ያስይዙ፤ ኦዱ 1.85 ይሁን። አሸናፊው 37 ይወስዳል። ማንም ያሸንፍ ማን፣ 3ቱ የአጫዋቹ ናቸው። ከአሥር ዙር በኋላ 30 ቆርኪ እሱ ጋ ተከምሯል። አሥሩ ጨዋታ በአንድ ቲኬት ሲደመር ደግሞ ይብሳል፦ 10 ብር ያስያዘ ሁሉም ቢገባለት 4,700 ገደማ ያገኛል። ለዚያ ዕድል የሚገባው ክፍያ 10,240 ነበር። ግብሩ ሳይቆጠር ከግማሽ በላይ ተቀንሶበታል። ልጁ ግን ያየው 4,700ውን ብቻ ነው።

እርግጥ ኳስ ሳንቲም አይደለም፤ ጨዋታ የሚያውቅ ከማያውቅ ይሻላል። ኦዱን የሚያወጣውም ግን ኳስ ያውቃል፣ ድርሻውንም አስቀድሞ ቆርጦ አስቀምጧል።

“ትምህርት ቤት ቁማር ልታስተምሩ ነው?” የሚል ወላጅ አይጠፋም። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መምህሩ ቆርኪው በገንዘብ እንዳይተካ መጠበቅ አለበት። ኦድ ማንበቡን ግን ልጁ ድሮ ከስልኩ ተምሮ ጨርሷል።