ከልጅ ጋራ ለሁለት ዓመት ባሕር ማዶ

የልጃችን እናት ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ሐምቡርግ ከተማ እንድትሄድ ዕድል ባገኘች ጊዜ ከዘመዶቻችን ብዙዎቹ የሰጡን ምክር አንድ ዐይነት ነበር። «ልጂቱን ለአያቷ ተዉላቸው፤ ሁለት ዓመት እኮ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው» አሉን። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። በአገራችን አያት ያሳደገው ልጅ ብዙ ነው፤ ብዙውም በመልካም ምግባር የታነጸ ነው። ይሁን እንጂ በመምህርነት ሥራችን ከሕፃናት ጋራ ስንውል ካየነው የተነሣ አሳቡን አልተቀበልነውም። ሁለት ዓመት ለአዋቂ አጭር ነው፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ከኖረችው ዕድሜ ከሩብ ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጥርሷ ይለወጣል፤ ማንበብ ታጸናለች፤ ሞት ምን እንደ ሆነ፣ እግዚአብሔርም የት እንዳለ ትጠይቃለች። ይህን ለመሰለው ጥያቄ አባትና እናት በስልክ ብቻ የሚገኙ እንዳይሆኑ ብለን ሦስታችንም ለመሄድ ቈረጥን።

አያቷ ውሳኔያችንን ሰምተው አልተቃወሙም። «ውሰዷት፤ ነገር ግን ስትመለስ በምን ቋንቋ ልታናግረኝ ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝግጅታችንን የሚመራው ይህ ጥያቄ ሆነ።

አስቀድሞ ስለ ወረቀቱ እንናገር፤ አሰልቺ ቢሆንም የሚቀድመው እርሱ ነውና። የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሕግ መሠረት በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለ ሆነ ልጃችን የልደት ምስክር ወረቀት አላት። ይህንና የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንን ማስተርጐምና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ አስፈልጎናል። ከወላጆች አንዱ ብቻ ከልጅ ጋራ የሚጓዝ እንደ ሆነ የሌላውን ወላጅ የስምምነት ደብዳቤ መያዝ ይገባል። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የዘመን አቈጣጠሩ ነው። ልጃችን የተወለደችው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በአውሮፓ ኖቬምበር 2018 ይሆናል። ከመስከረም አንሥቶ የአውሮፓ አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት ይደመራል። ወረቀቱን የተረጐመልን ሰው ግን እንደ ልማዱ ስምንት ደምሮ 2019 ብሎ ጻፈ። ባናየው ኖሮ ከፓስፖርቷ ይልቅ አንድ ዓመት የምታንስ ሌላ ልጅ በወረቀት ላይ ትወለድ ነበር!

ስሙም የራሱ ጣጣ አለው። በዚያ አገር ለቤተ ሰብ ሁሉ አንድ ስም መኖሩ የተለመደ ነው። በእኛ ሥርዐት ግን ልጂቱ በአባቷ፣ እናቷ በራሷ አባት፣ አባትየውም በአባቱ ስም ስለሚጠሩ ሦስት ሰዎች ሦስት ልዩ ልዩ የአባት ስም ይዘን እንቀርባለን። ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን ለከተማው ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ግዴታው ነውና፣ የሁለታችንም ስም ያለበት የልደት ወረቀት በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዛል። ለልጂቱም በሐኪም ቤት ወረፋ ላይ በአባቷ ስም ቢጠሯት ዝም እንዳትል ነገርናት። እርሷም «ታዲያ አባባ ሲጠራ ማን ይነሣል?» ብላ አሳቀችን። የክርስትና ስሟንም ደግማ ደጋግማ እንድትናገረው አድርገናታል፤ የማያውቋት ካህን ሲጠይቋት ወደ እኛ ዞራ እንዳትመለከት።

በጀርመን አገር ትምህርት ግዴታ ነው፤ መምህር የሆነ አባት እንኳ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ በቤቱ ብቻ ማስተማር አይፈቀድለትም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከመጋቢት 2020 ወዲህ ደግሞ ተማሪ የሚሆን ልጅ ሁለት ጊዜ የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን ማስረዳት አለበት። የልጃችን ካርድ ሁለቱንም ያሳያል። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በአገራችን መደበኛ ሥርዐት የገባው ግን በ2011 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከእርሷ ከፍ ያሉ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ካርዱን አውጥተው ይመልከቱ። ካርዱ ከጠፋም ከመንገድ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል።

የአያቷን ጥያቄ ለመመለስ የያዝነው ሥራ ፊደል ነው። ልጃችን ፊደል ቈጥራለች፤ ነገር ግን ገና ጣቷን በቃሉ ላይ እያስኬደች ታነብ ነበር። በዚህ ሁኔታ ወደ ላቲን ፊደል ብትገባ ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዙ የሚሆኑት 231 ፊደላት በአንድ ዓመት ውስጥ ይሸሻሉ። እኛ በቄስ ትምህርት ቤት ሀሁን ከጨረስን በኋላ አቡጊዳ ስንቈጥር «ያንኑ ፊደል ስለ ምን አዘበራርቀው ያስቈጥሩናል?» እያልን እናዝን ነበር። ኋላ መምህር ስንሆን ገባን። የኔታ ይህን ያደረጉት ተማሪ ተራውን በቃሉ ይዞ፣ ፊደሉን ሳይለይ እንዳያልፍ ነበር። እኛም እንደዚሁ ከገጹ መካከል አንድ ቃል እየጠቈምን እናስነብባታለን። የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል የአማርኛ መጻሕፍት ከሻንጣው ክብደት ላይ ድርሻቸው ተቈርጦላቸዋል። ስትመለስ የምትቀመጠው ከእኩዮቿ ጋራ ነውና የትምህርት ማስረጃዋንም በማኅተም አስወጥተናል።

አንዳንድ ሰው «ጀርመንኛውን አሁኑኑ አስጀምሯት» ይለናል። ሰላምታና ውሃ መለመን፣ ሽንት ቤት መጠየቅና «አልገባኝም» ማለት ይበቃታል፤ የቀረውን ከልጆች ጋራ ስትጫወት ከእኛ ፈጥና ትማረዋለች። የሚያሳስበን የሚመጣው ቋንቋ ሳይሆን የሚሄደው ነው። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት የመካነ ሥላሴ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1652 በጀርመን አገር በጎታ መስፍን ግቢ ተቀምጠው ሂዮብ ሉዶልፍን ያስተምሩት ነበር። ሉዶልፍም በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ቀሩ። እርሳቸው ባዕድ አገር የገቡት ቋንቋቸው በአፋቸው ጸንቶ፣ ለሌላ እስከ ማካፈል ደርሰው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ገና ተቀባይ ናት። ስለዚህ በቤታችን አማርኛ ብቻ እንዲነገር ተስማምተናል፤ የጀርመን ቃል ይዛ ብትገባ አማርኛውን አብረን እንፈልግላታለን እንጂ አንቈጣትም።

ስለ ጾም ከንስሐ አባታችን ጋራ ተነጋግረናል። ልጃችን ዘንድሮ ጾም ጀማሪ ናት። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ሲገባ በዚያ አገር ልጆች ለቅዱስ ኒቆላዎስ በዓል ጫማቸውን ከደጅ አስቀምጠው በዲሴምበር 6፣ ማለትም በኅዳር 27 ቀን፣ ጣፋጭ ተሞልቶ ያገኙታል። የእነርሱ ገናም በታኅሣሥ 16 ቀን፣ በጾማችን መካከል ይውላል። ልጅን በዚህ ቀን ከጓደኞቿ ነጥሎ ማስቀመጥ ጭካኔ ይሆናል፤ ጾሙን እንደሌለ አድርጎ ማለፍም አይገባም። እናቷ ክዳን ያለው ቆርቆሮ አዘጋጅታለች፤ ወተት ያለበት ጣፋጭ ሁሉ እዚያ ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 29 ይቈያል። ልጂቱ ቆርቆሮው ምን ያህል እንደሚይዝ ከወዲሁ መርምራለች። ጓደኞቿ ሲበሉ «ኀጢአት ነው» ብላ እንዳትፈርድባቸውም አስጠንቅቀናታል።

ስንቅን በተመለከተ በርበሬና ሽሮ ይሄዳሉ። አያቷ ያነጠሩት ቅቤና ያዘጋጁት ቋንጣ ግን ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በመንገደኛ ሻንጣ ሥጋና የወተት ውጤት ማስገባት ስለማይፈቀድ እዚሁ ይቀራሉ። ይህን መንገር ከቪዛው ሁሉ ይልቅ ከበደን።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ልጂቱ «ጧት 2 ሰዓት» ስትል እነርሱ 8 ይላሉ። በዲሴምበር ወር በሐምቡርግ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የምትጠልቀውም በ10 ሰዓት ነው፤ በሰኔ ደግሞ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ብርሃን አለ። ሰማዩን አይታ ሰዓት ለለመደች ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ስለ ሆነ በካርቶን ሰዓት ሠርተን ስድስት ሰዓት እየደመረች እንድትጫወት አድርገናል።

ከአያቷ ጋራ የምትነጋገረው በየእሑዱ ነው፤ በሳምንቱ የተለማመደችውን አንድ ገጽ በስልክ ታነብላቸዋለች። እርሳቸው ከቅዳሴ ተመልሰው ቡናቸው የሚፈላው በ4 ሰዓት ነው። ሐምቡርግ በበጋቸው ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ ግን ልዩነቱ ሁለት ይሆናል። ይህን ስናስረዳቸው ጥቂት አሰብ አድርገው «እነርሱ ሰዓታቸውን ያዙሩ፤ እኔ ቅዳሴዬንም ቡናዬንም አላዞርም» አሉ። እንግዲህ በብርዱ ወራት ልጃችን መጽሐፏን ይዛ የምትቀርበው በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትወጣ ነው።