ስለ አውቶሞቢል የፊት መስተዋት፤ በቤት ማስለወጥ ይሻላልን ወይስ በጋራዥ?

ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ በሚጻፍበት ገጽ ላይ ስለ አውቶሞቢል መስተዋት ለመጻፍ ስንነሣ፥ ይህ ደግሞ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነውን? ብሎ የሚጠይቀን ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። መልሳችን አዎን፥ ነው የሚል ነው። ከዚያ መስተዋት በስተኋላ የሚቀመጡት እናታችንና ልጆቻችን ናቸውና።

የምንኖረው በአዳማ ከተማ ነው። ቀድሞ ናዝሬት ትባል የነበረችው ይህች ከተማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች የመንገዶች መገናኛ ናት። በአዲስ አበባና በጅቡቲ ወደብ መካከል የሚመላለሰው ብዙ ከባድ የጭነት መኪና በእርሷ በኩል ያልፋል፤ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የታጠፈ መንገደኛም መቂን፥ ባቱንና ሻሸመኔን ያገኛል። ከተማችን ከመንገዷ ሌላ በነፋሷ የታወቀች ናት። ነፋሷ እንዲያው የሚነፍስ ብቻ አይደለም፤ በ2004 ዓ.ም. 34፥ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 102 የነፋስ መዘውሮች በኮረብታዎቿ ላይ ሥራ ጀምረው፥ በአንድነት 204 ሜጋዋት የኤሌክትሪክ ኀይል ለመስጠት የሚችሉ ሆነዋል። ይህን የምንናገረው ስለ ከተማችን ለመመካት ሳይሆን፥ ከዚህ በታች ለምንተርከው ነገር ነፋሱ ዋና ምክንያት ስለ ሆነ ነው።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ከባቱ ሠርግ ስንመለስ፥ መቂን አልፈን ወደ ዓለም ጤና ስንቃረብ ከፊታችን ይሄድ ከነበረ የጭነት መኪና ጎማ ሥር አንድ ጠጠር ተፈናጥሮ የአውቶሞቢላችንን የፊት መስተዋት መታው። መጀመሪያ የታየው ምልክት ከሽምብራ ፍሬ አይበልጥም ነበር። ነገር ግን ፀሐዩ የበረታ ነበርና ከቤት ስንደርስ አቧራውን እናጥባለን ብለን በጋለው መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስንበት። ያን ጊዜ ስንጥቁ ድምፅ አሰምቶ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ድንጋዩ ያልጨረሰውን እኛው ጨረስነው።

በማግሥቱ ሌሊት ደግሞ እናታችንን ለዐይናቸው ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ልናደርስ ቀጠሮ ነበረን። ቀጠሮው ብዙ ወራት የተጠበቀ ስለ ሆነ ቢያልፍ ሌላ ለማግኘት ጭንቅ ነው። ስለዚህ ምክር ጠየቅን። አንዱ ወዳጃችን፥ «ወደ ጋራዥ ውሰዱት፤ እዚያ ይደር» አለ። ሁለተኛው ግን፥ «መሣሪያውን በሣጥን ይዞ ከቤት ድረስ የሚመጣ ሠራተኛ ሳለ ስለ ምን ትደክማላችሁ?» አለን። የቸኮለ ሰው የሚሰማው ደስ የሚያሰኘውን ምክር ነውና ሁለተኛውን ሰማን።

ሠራተኛው ከቀኑ በ9 ሰዓት መጣ። ትሑትና እጁ የቀለጠፈ ወጣት ነበር። ግቢውን ተመልክቶ፥ «ጋሼ፥ ነፋሱ በርትቷል፤ መኪናው የሚገባበት የተዘጋ ቤት የለም ወይ?» ሲል ጠየቀን። በእርግጥ መጋዘን አለን፤ ነገር ግን የጤፍ ጆንያ ሞልቶበት ነበርና ያን ሁሉ ማውጣት ታከተን። «እንግዲያስ ነፋሱ እስኪበርድ እስከ ማታ ልቆይ» አለ። ይህንም እንቢ አልነው። እርሱም ለኑሮው የሚሠራ ልጅ ነውና የታዘዘውን ከግራሩ ሥር ሠራ። ሲጨርስም፥ «አየሩ ደረቅ ነውና ማጣበቂያው ቶሎ አይዝም። እስከ ነገ ቀትር ባይነዱት ይሻላል፤ በሩንም በኀይል አይዝጉት» ብሎን ሄደ። እኛ ግን ሌሊት በ10 ሰዓት እናታችንን በፊተኛው ወንበር አስቀምጠን በፍጥነቱ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ገሠገሥን። በደኅና ደርሰን በደኅና ስለ ተመለስን ብልሃተኞች የሆንን መሰለን።

በመጋቢት ወር የበልግ ዝናብ ሲመጣ ግን ከመስተዋቱ ማዕዘን ውሃ እየተንጠባጠበ የእናታችንን ነጠላ አራሰ። ያን ጊዜ ወደ ጋራዥ ወሰድነው። የጋራዡ ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ ምንም ሳይናገሩ ማዕዘኑን በአውራ ጣታቸው ከውስጥ ወደ ውጭ ገፋ አደረጉት፤ መስተዋቱም ከቦታው ተነቀነቀ። ካወጡት በኋላ የማጣበቂያውን መሥመር አሳዩን። በዱቄት የታሸ ሊጥ ከምጣድ እንደማይዝ ሁሉ፥ በአንደኛው ወገን በሙሉ አቧራ ገብቶበት በጣት ሲነኩት ይላጥ ነበር። ከዚያም ቀና ብለው፥ «በዚህ ወንበር የሚቀመጠው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። «እናታችን ናቸው» አልናቸው። እርሳቸውም ከዚህ በላይ አንዳች አልተናገሩም፤ እኛም መልስ አጣን።

አንባቢያችን ሆይ፤ የፊት መስተዋት ነፋስና ዝናብ የሚከለክል መስኮት ብቻ እንደ ሆነ ይታሰብ ነበር። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ወደ አገራችን በገባበት ዘመን፥ በዓለም የነበረው የአውቶሞቢል መስተዋት ሲሰበር እንደ ስለት የሚቈርጥ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 ኤድዋር ቤኔዲክቱስ የሚባል ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ዐዋቂ ከእጁ የወደቀ የመስተዋት ዕቃ ተሰንጥቆ ሳይበታተን ቢያገኘው፥ በውስጡ ደርቆ የቀረው ፈሳሽ ስብርባሪውን እንደ ያዘው አስተዋለ። ከዚህም በመነሣት በሁለት መስተዋቶች መካከል ስስ ሽፋን የገባበት የዛሬው የፊት መስተዋት ተገኘ። በአሁኑ ዘመን አውቶሞቢል ደግሞ ይህ መስተዋት የአካሉ አንድ ክፍል ነው። መኪናው ሲገለበጥ ጣራው እንዳይደፈጠጥ ይረዳል፤ በብዙ መኪና የፊተኛውን ተሳፋሪ የሚጠብቀው የአየር ከረጢትም በግጭት ጊዜ ሲነፋ የሚደገፈው በእርሱ ላይ ነው። ማጣበቂያው ያልያዘ እንደ ሆነ መስተዋቱ ወደ ውጭ ይወረወራል፤ ከረጢቱም ድጋፍ ያጣል።

ይህ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ማጣበቂያ የሚጠነክረው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ነው። በበጋ፥ አየሩ እንደ ስምጥ ሸለቆ አየር ሲደርቅ፥ ይዘገያል፤ ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። መኪናው የሚነዳበት ሰዓት እንደ ማጣበቂያው ዓይነት ይለያያል፤ አንዱ በ1 ሰዓት የሚበቃ ሲሆን ሌላው እስከ ማግሥቱ ይጠብቃል። ስለዚህ በቱቦው ላይ የተጻፈውን ማንበብና ማስነበብ ይገባል። የቤት መስኮት የሚታሸግበት ተራ ሲሊኮንም በዚህ ምትክ አይገባም። ከተለወጠም በኋላ የበር አዘጋግ የአየር ግፊት መስተዋቱን እንዳያነሣው፥ አንዱን የጎን መስኮት ጥቂት ከፍቶ መተው መልካም ነው።

እንግዲህ በቤት ይሻላልን ወይስ በጋራዥ? ለሚለው ጥያቄ የደረስንበት ይህ ነው። የጠጠሩ ምልክት ትንሽ ሆኖ ከነጂው ዐይን አንጻር ካልሆነና ወደ ዳር ካልደረሰ፥ ሠራተኛው ከቤት መጥቶ በፈሳሽ ሙጫ ሊደፍነው ይችላል፤ መስተዋቱንም መለወጥ አያሻም። ለዚህም ቶሎ መጥራት ነው እንጂ እንደ እኛ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ አይደለም። መስተዋቱ በጎማ ጥምጥም የሚታሰርበት ያረጀ ዓይነት መኪና ከሆነም፥ ማጣበቂያ የሚጠበቅበት አይደለምና በግቢ ቢሠራ ጉዳት የለውም። በማጣበቂያ የሚያዘውን ግን ከአራት ወገን የተዘጋ፥ ነፋስና አቧራ የማይገባበት ቤት የሌለው ሰው ወደ ጋራዥ ይውሰደው። ጋራዥ መባሉም ብቻ አይበቃም፤ ፊቱ ለአቧራማ መንገድ የተከፈተ ጋራዥ ከእኛ ግራር ሥር አይሻልምና፥ ሥራው የሚሠራበትን ክፍል አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ብረቱ ተፍቆ እንደ ሆነም ዝገት እንዳይበላው መከላከያ ቀለም መቀባቱን መጠየቅ አይከፋም።

በወጣቱ ሠራተኛ ላይ የምናሳብበው ነገር የለንም። የተዘጋ ቤት ጠየቀን፥ ነፈግነው፤ ጊዜ ጠየቀን፥ ነፈግነው፤ እስከ ቀትር ቆዩ አለን፥ አልሰማነውም። ጆንያ ለማውጣት የሚፈጀውን ግማሽ ሰዓት ብለን የእናታችንን ሕይወት ለሁለት ወር በላላ መስተዋት ፊት አስቀመጥነው። በስተኋላም ሁለተኛ ዋጋ ከፍለን፥ መኪናውን በጋራዡ አሳድረን፥ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ወሰድነው።

ነገሩን ሁሉ ለእናታችን በነገርናቸው ጊዜ ይቈጡናል ብለን ነበር። እርሳቸው ግን ነጠላቸውን እያጣፉ፥ «ልጆቼ፥ ያን ዕለት ብትነግሩኝ ኖሮ ከአዳማ አዲስ አበባ አውቶቡስ መች ይታጣል?» አሉን። እውነትም ይህን ከሁሉ የቀለለ መንገድ ከመካከላችን አንድ እንኳ ያሰበው አልነበረም።