ታይገር ይቆየን፣ መጀመሪያ ጎጀብ

ዛሬ ከጅማ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ መንገዱን ሙሉ የጀርመን ታንክ ቪዲዮ ሲያይ መጣ፤ ድምፁን ለቆ። ኢርፎን እኛ መስመር ላይ ገና አልገባም። «ጋሼ፣ ታይገር 57 ቶን ነው! መድፉ 88 ሚሊሜትር!» አለኝ። ልክ ነው። በቦንጋ ክረምት ግን 57 ቶን ይዘህ የት ትደርሳለህ? አይሱዙ እንኳ ስንቴ ሰጥሞ ገፍተናል!

ይህን ስንጫወት ጎጀብ ድልድይ ደረስን። ራስ እምሩ ከጎሬ ተነሥተው፣ መውጫ አጥተው፣ በታኅሣሥ 1929 ለጣሊያን እጃቸውን የሰጡት እዚህ ወንዝ ዳር ነው አልኩት። «ታንክ ነበራቸው?» አለኝ።

አልነበራቸውም። ታንክ ግን አሸንፈዋል። ልክ ከዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ 1928፣ ደምበጉይና ላይ። የጣሊያን ሲቪ 33፦ ሦስት ቶን ከምናምን፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ብረቱ ቢወፍር 14 ሚሊሜትር ገደማ፣ መትረየሱ ወደ ፊት ብቻ የሚያይ። የእምሩ ሰዎች ከኋላ ዞረው ላዩ ላይ ወጡበት።

1928 ስል አንድ ነገር ተነሣብኝ። ዘጠነኛ ክፍል፣ «ጣሊያን ኢትዮጵያን መቼ ወረረች?» ተብለን 1928 ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ! መልሱ 1935 ነው ተባልኩ። በገዛ አገሬ፣ በገዛ አቆጣጠሬ! ልከራከር ብሄድ «ዓ.ም. አላልክም» ተባለ። በዚያ ሁለት ማርክ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ወረድኩ፤ ሽልማት ደግሞ እስከ ሦስተኛ ነው። ደርዘን ደብተሬን የወሰድሽው ልጅ እዚህ ገጽ ላይ እንዳለሽ አውቃለሁ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ የሲቪ 33 ብረት። ያንን ብረት የሚበሳ መድፍ ጀርመን ነበራት። ራይንሜታል የሠራው 37 ሚሊሜትር ፀረ ታንክ፣ ክብደቱ 330 ኪሎ ገደማ፣ በ500 ሜትር 30 ሚሊሜትር ያህል ይበሳል። የሲቪ 33ን እጥፍ! በ1935 (እ.ኤ.አ.፣ ይኸው ጻፍኩ!) ዴቪድ ሆል በኢትዮጵያ ስም በርሊን ሄዶ እነዚህን መድፎችና 10 ሺህ ማውዘር በምስጢር አስፈቀደ። ሂትለር ወዶን እንዳይመስላችሁ፤ ሙሶሊኒ እዚህ ከተጠመደ ኦስትሪያ ላይ እጁ ይላላል ብሎ ነው። ሆል ደግሞ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከሠሩት አንዱ የሞሪትዝ ሆል ልጅ ነው። አባት መድፍ ሲያቀልጥ፣ ልጅ መድፍ ሲለምን።

መድፎቹ ግን ራስ እምሩን ጎጀብ ላይ አላዳኗቸውም። ከራስ እምሩ ጋር ከነበሩት የሆለታ ወጣት መኮንኖች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 በኋላ ተረሸኑ። ዕድሜያቸው ከዚህ ባለ ስልክ ልጅ ብዙም አይርቅም። ይህን ስነግረው አንገቱን ደፋ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ «ራስ እምሩስ?» አለኝ። ፖንዛ የምትባል የጣሊያን ደሴት ታሰሩ። በ1943 (እ.ኤ.አ.) ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ የገዛ አገሩ ሰዎች ወስደው የት ቢያስሩት ጥሩ ነው? ፖንዛ! ያውም ራስ እምሩ የነበሩበት ቤት!

በሉ ደህና እደሩ።