ጉዳይ ገዳዩና አማካሪዋ

ወንድሜ የሚኖረው ካናዳ፣ ቶሮንቶ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ እብናት፣ ከእኛ ጋር። ሊወስዳት ሲነሳ እሱ እዚያ አማካሪ መፈለግ፣ እኔ እዚህ ማስረጃ መሰብሰብ ጀመርን።

ወሬው እንደተሰማ አንድ ጉዳይ ገዳይ ቤታችን ድረስ መጣ። የወንድሜ ባለቤት በልጅነቷ ተድራ፣ በኋላ በወረዳው ፍርድ ቤት የፈታችው ትዳር ነበራት። ሰውየው ቡናውን እየጠጣ፣ “እሱን አታንሱት እማማ፤ ከካናዳ ተነስቶ እብናት ድረስ ማን ይጠይቃል? የመጀመሪያ ትዳሬ ነው ብላ ትፈርም” አለ። የእናቴ ልብ ወደ እሱ አዘነበለ። የድሮውን ማንሳት በምራቷ ላይ ነውር ማውጣት መሰላት።

ወንድሜ ያገኛት አማካሪ ቻይናዊት ናት፤ ደንበኞቿም አብዛኞቹ ማንዳሪን ተናጋሪ አዲስ መጪዎች ናቸው። እናቴ “የአገር ልጅ ጠፍቶ ነው?” ብላ ቅር አላት። እሱ ግን ያየው ፈቃዷን ነው። በካናዳ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ገንዘብ ተቀብሎ የሚያማክር ሰው ጠበቃ ካልሆነ በአማካሪዎች ኮሌጅ መመዝገብ አለበት፤ መዝገቡም ለሁሉም ክፍት ነው። ውል የፈረመው ስሟን እዚያ ካገኘ በኋላ ነው።

በቪዲዮ ስናገኛት ወንድሜ አስተረጎመ። ሚስት በባሏ ስም የማትጠራው ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ የቻይና ሴቶችም ሲያገቡ የራሳቸውን የቤተሰብ ስም ይዘው ይቀራሉ። የእኛ ዘመን ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ዓመት መለየቱም አላስቸገራት። የደንበኞቿ አዛውንት ወላጆች ልደታቸውን በጨረቃ አቆጣጠር ነውና የሚያውቁት፣ ቀኖቹን አንድ በአንድ አመሳከረችን።

የቀድሞውን ትዳር ስትሰማ “የፍቺ ውሳኔው ይቅረብ” ብቻ አለች። በካናዳ ሕግ ውሳኔ የሚያስለውጥ እውነት መደበቅ አመልካቹን ለ5 ዓመት ያስከለክላል። ቅጹን ማንም ይሙላው፣ የሚጠየቀው ባለ ጉዳዩ ነው።

የአገር ልጅነት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከራሳቸው ከቻይናውያኑ ታሪክ መረዳት ይቻላል። በቫንኩቨር አጠገብ በሪችመንድ፣ ሹን ዋንግ የተባለ ሰው ያለ ፈቃድ ያማክር ነበር። ደንበኞቹ ካናዳ የኖሩ እንዲመስል ፓስፖርታቸው ላይ ሐሰተኛ የመግቢያና የመውጫ ማህተም ያሳርፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የ7 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በቋንቋቸው አነጋግሯቸዋል፤ ይህ ግን አላዳናቸውም።

እናቴን ያሳመናት ግን ይህ ሁሉ አይደለም፤ የወንድሜ ባለቤት ራሷ ናት። “እማዬ፣ ልጅ ሆኜ ዳሩኝ እንጂ እኔ ያጠፋሁት የለም። ዋሽቼ ፈርሜ ዕድሜዬን በሙሉ ስሳቀቅ ከምኖር እውነቱ ይጻፍ” አለች። እናቴ ዝም ብላ ቆየችና ተነስታ ሣጥኑን ከፈተች። የፍርድ ቤቱን ወረቀት እስከዚያ ቀን ድረስ ደብቃ ያኖረችው እሷ ነበረች። በማግስቱ ለማስተርጎም ይዤው ደብረ ታቦር ወረድኩ።

ቪዛው መጥቶ ሄዳለች። ሰው ወደ ውጭ የምትልኩ ቤተሰቦች፣ ወደ ካናዳም ይሁን ለሥራ ወደ ዓረብ አገር፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት “ፈቃድህን አሳየኝ” በሉ፤ መኖሩንም ከሰጪው መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። “ይህን ደብቁ” የሚላችሁን ግን ፈቃድ ቢኖረውም ሸኙት።