ቦሮን የማይለቀው ሲሊኮን

ለድኅረ ምረቃ ጥናቴ የመረጥሁት ርእስ ሲሊኮንን ወደ ጋዝ ሳይለውጡ በቀለጠበት ማጣራት ነው። ርእሱን የሰሙ ባልደረቦቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ የተጣራ ሲሊኮን ዋጋ ከወደቀ በኋላ ይህ ምን ይፈይዳል? ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ኪሎ ፖሊሲሊኮን ከ400 ዶላር በላይ የተሸጠበት ጊዜ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ከ30 ዶላር በታች ወረደ። ንረቱ ያስነሣቸው ብዙ አማራጭ ዕቅዶችም ከዋጋው ጋር አብረው ወደቁ።

ያሸነፈው ነባሩ የሲመንስ ዘዴ ነው። ከኳርትዝና ከካርቦን በአርክ ምድጃ የተገኘው፣ ንጽሕናው 98 ወይም 99 በመቶ የሆነው ሲሊኮን ከሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋር ተዋሕዶ ትራይክሎሮሲሌን ይሆናል፤ ይህ ፈሳሽ በ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ እንደ አረቄ ደጋግሞ ማንጠር ይቻላል። ከዚያም እንፋሎቱ ከሃይድሮጂን ጋር 1100 ዲግሪ ገደማ በጋሉ ቀጫጭን ዘንጎች ላይ ሲያልፍ ንጹሑ ሲሊኮን ይለጠፋል። ኤሌክትሪኩ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፦ ዘንጎቹ ለቀናት ይግላሉ፣ የሬአክተሩ ግድግዳ ግን ያለማቋረጥ መቀዝቀዝ አለበት። ወደ ሌላው መንገድ የገፋኝ ይኸው ብክነት ነው።

ሌላው መንገድ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የቀለጠው ሲሊኮን ከአንድ ወገን ቀስ ብሎ ሲረጋ ብረት ከሞላ ጎደል በሙሉ በፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ፎስፎረስ በቫኪዩም ይተናል። ቦሮን ግን አይተንም፤ በጠጣሩ ውስጥ የሚገኘው መጠን ከፈሳሹ ጋር ሲነጻጸር 0.8 ስለሆነ በማርጋትም አይለይም። ኤልኬም በኖርዌይ፣ ክሪስቲያንሳንድ ባቋቋመው ፋብሪካ በስላግ፣ በአሲድ አጠባና በማርጋት ይህን ተሻግሮታል። ሆኖም ቦሮን ወደ ስላጉ የሚያደላው በጥቂት እጥፍ ብቻ በመሆኑ የሚያስፈልገው ስላግ ብዙ ነው። በዚህ ላይ ቦሮንና ኦክሲጅን በብርሃን ሥር ተጣምረው የሴሉን ኃይል ስለሚቀንሱ ኢንዱስትሪው ቦሮንን በጋሊየም ተክቷል፤ ፎስፎረስ ወደተጨመረበት ሲሊኮንም አዘንብሏል። እኛ ወደ ግቡ ስንቀርብ ግቡ ራቀ ማለት ነው።

በእኔ እምነት ይህ ዘዴ ከኳርትዝ ተነሥቶ ሲመንስን በዋጋ አይረታም። የሚያዋጣው ሌላ ቦታ ነው፤ ሲሊኮን በሽቦ ሲሰነጠቅ ሲሶው ገደማ ዱቄት ሆኖ ይባክናል። ዱቄቱ አስቀድሞ የነጻ ነው፤ የጨመረው በአመዛኙ ኦክሲጅን፣ ካርቦንና ከሽቦው የመጣ ብረታ ብረት እንጂ ቦሮን አይደለም። ቀሪውን የጥናት ጊዜዬን ለዚሁ ሰጥቻለሁ። አሁን የያዘኝ እያንዳንዷን ቅንጣት የሸፈነው ስስ የኦክሳይድ ልባስ ነው፤ ቅንጣቶቹ ሲቀልጡ እርስ በርስ እንዳይዋሐዱ ይከለክላል።